የቦክስ ኬክ የቤት ኬክ ጣዕም እንዲኖረው ምን እንደምጨምርበት

እኔ ቤት የኬክ ሚክስ ሳጥን አይጠፋም፣ ቢጫውም ነጩም ቸኮሌቱም ሁሌ ቁምሳጥን ውስጥ አለ። እዚህ ሲያትል በምንኖረው ኑሮ ሐሙስ ማታ ከስራ ስትገቡ ቅዳሜ የልጅ ልደት እንዳለ ትዝ ይላችኋል፣ እሁድ ደሞ ማህበር ነው፣ መሀል ላይ አንዷ ወልዳ አራስ ጥየቃ አለ፣ ባዶ እጅ ደሞ አይኬድም። ሳጥኑ የሚደርስልን እዚህ ጋ ነው። ግን ብዙ ሰው ከጀርባው የተጻፈውን ብቻ ያደርግና ኦቨን ውስጥ ይከተዋል፣ ኬኩ ይነፋል፣ ያምራል፣ ለስላሳ ነው፣ ሲቀመስ ግን ጣፋጭ ብቻ ነው፣ መጨረሻ ላይ የሆነ የቫኒላ ሽታ ምላስ ላይ ይቀራል፣ እንግዳውም ለይሉኝታ አንድ ቁራሽ በልቶ ሳህኑን ያስቀምጣል። ይሄ ነገር በጣም ይቆጨኛል፣ ምክንያቱም ያ ኬክ ጥሩ ኬክ ለመሆን የቀረው ትንሽ ነበር፣ የቀረውም ነገር እዛው ፍሪጅ ውስጥ ነበር።

ነገሩን እንዲህ ነው የማየው። ሳጥኑ ውስጥ ሊገባ የሚችለው ሱቅ መደርደሪያ ላይ ወራት መቀመጥ የሚችል ነገር ብቻ ነው። ስኳር፣ ዱቄት፣ ቤኪንግ ፓውደር፣ ትንሽ ስብ፣ ስብና ውሃን አያይዞ የሚይዝ ኢመልሲፋየር፣ ጨው፣ ሽታ። ትኩስ ነገር አይገባበትም፣ ይበላሻላ። የቤት ኬክን የቤት ኬክ የሚያደርገው ደሞ ትኩሱ ነው፣ ቅቤው፣ ወተቱ፣ እንቁላሉ፣ ፈቅፈቅ የተደረገው የብርቱካን ልጣጭ። ስለዚህ እኔ ሳጥኑ በደንብ የሰራውን ስራ፣ መመጠኑን፣ መንፋቱን፣ ልስላሴውን አልነካበትም፣ ሊሰራው የማይችለውን ነው የምጨምርለት። ከዚህ በታች የምላችሁ ሁሉ ከዚች ሀሳብ ነው የሚመጣው።

ሀሳቡ ደሞ አዲስ አይደለም። የኬክ ሚክስ ታሪክ የሚጀምረው ፒትስበርግ ነው፣ ፒ ዳፍ ኤንድ ሰንስ የሚባል ሞላሰስ የሚሸጥ ድርጅት ሞላሰሱን አድርቆ ከዱቄት ጋር ቀላቀለና የዝንጅብል ኬክ ሚክስ አደረገው፣ በ1933 በፈረንጅ አቆጣጠር ፓተንቱን አገኘ። ያ የመጀመሪያው ሚክስ የደረቀ እንቁላል ውስጡ ነበረበት፣ የሚፈልገው ውሃ ብቻ ነበር። በ1935 በወጣው ሁለተኛው ፓተንት ግን እንቁላሉን ከውስጡ አወጡት፣ ምክንያቱ ደሞ እዛው ተጽፏል፣ የቤት እመቤቶቹ ትኩስ እንቁላል ራሳቸው መጨመር ይመርጣሉ የሚል ነው። ብዙ ቦታ የሚወራው ሌላ ነው፣ በ1950ዎቹ የስነልቦና ባለሙያዎች ሴቶቹ ምንም ሳይሰሩ ጋገርን ማለት ስለሚከብዳቸው እንቁላል ይጨምሩ ብለው መከሩ የሚል። ጥሩ ወሬ ነው ግን ፓተንቱ ከዛ ሀያ አመት ያህል ቀድሞ ነው የወጣው። እና እኔ ይሄን ታሪክ የምወደው የሳጥኑ ፈጣሪዎች ራሳቸው ገና ከመጀመሪያው ትኩሱ ነገር ከሳጥን ውጭ መምጣት እንዳለበት ስለገባቸው ነው፣ እነሱ በእንቁላል ቆሙ፣ እኛ ደሞ እንቀጥላለን።

መጀመሪያ ሳጥኑን አገላብጣችሁ እዩት። ክብደቱን ፈልጉ። ድሮ 18.25 አውንስ ነበር፣ 517 ግራም ማለት ነው፣ ከዛ 15.25 አውንስ ሆነ፣ 432 ግራም፣ አሁን ደሞ 13.25 አውንስ፣ ወደ 375 ግራም የወረዱ አሉ። ሳጥኑ ከውጭ ሲታይ ያው ነው። የድሮ ሰው የሰጣችሁ «አንድ ሳጥን ሚክስ» የሚል አሰራር ዛሬ ስትሞክሩት ቀጭን ሆኖ ከወጣ አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። ቀጥሎ የተሰራበትን ነገር ዝርዝር አንብቡ፣ አሜሪካ ውስጥ በክብደት ቅደም ተከተል ነው የሚጻፈው፣ እና ብዙዎቹ ሳጥኖች ላይ መጀመሪያ የምታገኙት ስኳር ነው፣ ዱቄት ሁለተኛ ነው። እኛ ደሞ እንዲህ አይነት ጣፋጭነት አልለመድንም፣ አዲስ አበባ ኬክ ቤት ውስጥ የምንበላው ኬክ እንኳን ክሬም ይበዛበታል እንጂ ጉሮሮ አያቃጥልም። ስለዚህ እኔ 1/2 ኩባያ ተራ የፉርኖ ዱቄት ከ1/2 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር ጋር እጨምራለሁ፣ ስኳር ምንም አልጨምርም። የጠፋውን ክብደት በከፊል ይመልሳል፣ ጣፋጭነቱንም ይሰብረዋል፣ ኬኩም ሲቆረጥ የሚፈረፈር አየር ሳይሆን አንድ ነገር በላሁ የሚያሰኝ ይሆናል። ከምጨምረው ሁሉ አንድ ብቻ ምረጪ ብባል ይሄን ወይ ጨውን ነው የምመርጠው።

ጨው ያልኩት ቀልድ አይደለም። 1/4 የሻይ ማንኪያ፣ ለቸኮሌት ደሞ ትንሽ ከፍ አድርጉት። ጨው ሲገባ ስኳሩ ለብቻው ጎልቶ መጮሁን ያቆማል፣ የቅቤውም የቫኒላውም ጣዕም ይሰማል።

ውሃ የሚለውን ወተት አድርጉት፣ ይሄን ሁሉም ሰው ያውቀዋል ግን ሁሉም አያደርገውም። ሙሉ ስብ ያለው ወተት ይሁን። ከሱ ላይ 1/2 ኩባያ ሳወር ክሪም እጨምራለሁ፣ ሳወር ክሪም ከሌለ ውሃው የተጠለለ ወፍራም እርጎ ይሰራል። ኮምጣጣነቱ ኬኩ ውስጥ አይታወቅም፣ ግን ጣፋጩን ያመዛዝነዋል፣ ስቡ ደሞ ሊጡን ያረጥበዋል፣ በሁለተኛውም ቀን አይደርቅም። አሬራ የምታገኙ ካላችሁ፣ ወይ እዚህ በተርሚልክ ብለው የሚሸጡትን፣ በወተቱ ፈንታ እሱን ማድረግ ይቻላል፣ ያኔ ሳወር ክሪሙን ተዉት። ሌላ ደሞ አረብ ሀገር የነበራችሁ በደንብ የምታውቁት ኒዶ አለ፣ ሶስት የሾርባ ማንኪያ የወተት ዱቄት ደረቁ ላይ ነስንሱበት፣ የወተት ጣዕሙ እጥፍ ነው የሚሆነው፣ ለልጆች ኬክ በጣም እወደዋለሁ።

ዘይቱ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም «ዘይት የሚለውን በሙሉ በቅቤ ቀይሩት» የሚል ምክር በየቦታው አለ፣ እኔ አልስማማም። ቅቤ ጣዕም አለው፣ ዘይት የለውም፣ እሱ ልክ ነው። ግን እዚህ የሚሸጠው የገበታ ቅቤ ቢያንስ 80 ከመቶው ስብ ነው፣ ከቀረው አብዛኛው ውሃ ነው፣ እና ቅቤ ሲቀዘቅዝ ይጠጥራል፣ ዘይት ግን ፍሪጅ ውስጥም ፈሳሽ ነው። ስለዚህ በሙሉ በቅቤ የተሰራ ኬክ ትኩሱን ሲበላ ያስደስታል፣ ፍሪጅ ገብቶ ሲወጣ ግን ደረቅ ያለ ይመስላል። ሁለቱንም ነው የማደርገው፣ ሳጥኑ 1/2 ኩባያ ዘይት ካለ 6 የሾርባ ማንኪያ የቀለጠ ቅቤ፣ 85 ግራም ያህል ነው፣ እና 2 የሾርባ ማንኪያ ዘይት። ቅቤው ለጋ፣ ጨው የሌለበት ይሁን። ለወጥ የተነጠረውን ቅቤ አደራ እንዳትነኩት፣ ኮሰረቱና አብሹ ኬኩን ይወስደዋል። ጊዜ ካላችሁ ቅቤውን ድስት ላይ አረፋው እስኪያልፍና ታች ያለው ፍሬ ቡናማ እስኪሆን አቆዩት፣ የለውዝ ሽታ ሲሸታችሁ አውጡት፣ ውሃው ስለተነነ አንድ ማንኪያ ወተት ጨምሩና ቀዝቀዝ ሲል ተጠቀሙበት። ለቢጫ ኬክ ከዚህ የተሻለ ነገር አላውቅም።

እንቁላል፣ ሳጥኑ 3 ካለ 4 አድርጉ። ወይ ደሞ 3ቱን አድርጋችሁ 2 አስኳል ብቻ ጨምሩ፣ አስኳሉ ውስጥ ያለው ስብ ነው የምንፈልገው፣ ነጩ ሲበዛ ኬኩን ያደርቀዋል። ይሄን ሁሉ ከፍሪጅ አውጥታችሁ ወዲያው አትቀላቅሉ። የቀለጠ ቅቤ ቀዝቃዛ እንቁላልና ቀዝቃዛ ሳወር ክሪም ሲያገኝ ተመልሶ ይረጋል፣ ሊጡ ውስጥ እንክብል እንክብል ይሆናል። እንቁላሉን ከነቅርፊቱ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ትንሽ ማቆየት ይበቃል።

አሁን ወደ ሽታው። የሳጥን ኬክን የሚያስነቃበት እሱ ነው፣ ሰው ገና በሩን ከፍቶ ሲገባ የሚያውቀው። ብዙዎቹ ውስጥ ያለው ሰው ሰራሽ ቫኒሊን ነው፣ አታወጡትም፣ ግን ትሸፍኑታላችሁ። 2 የሻይ ማንኪያ እውነተኛ የቫኒላ ኤክስትራክት አንድ መንገድ ነው፣ ውድ ነው አውቃለሁ። ለኔ ግን የሀበሻ ቤት ኬክ ማለት ብርቱካን ነው። እናቶቻችን ቤት የሚጋገረው ኬክ የብርቱካን ልጣጭ ሳይፈቀፈቅበት አይቀርም ነበር፣ ያንን ሽታ ሳሸት ነው ቤት ነኝ የምለው። የአንድ ትልቅ ብርቱካን ልጣጭ፣ ነጩ ሳይነካ ምክንያቱም ነጩ ይመራል፣ በአንድ ማንኪያ ስኳር በጣታችሁ አሹት፣ ዘይቱ ወጥቶ ስኳሩ ብርቱካን እስኪመስል፣ ከዛ ሊጡ ላይ። ነጩ ሚክስ ላይ ደሞ 1/4 የሻይ ማንኪያ የአልመንድ ኤክስትራክት፣ ከዚህ በላይ ካደረጋችሁ መድሀኒት መድሀኒት ይላል። ቢጫው ላይ 1/2 የሻይ ማንኪያ አዲስ የተወቀጠ ሄልም አሪፍ ነው፣ በተለይ ከሻይ ጋር ለሚበላ።

ፈረንጆቹ ሁሌ የሚሉት ሌላ ነገር አለ፣ አንድ ፓኬት ኢንስታንት ፑዲንግ ጨምሩበት የሚል። ያረጥበዋል፣ እሱን አልክድም። ግን ፑዲንጉ ራሱ ስኳርና ስታርችና ያው ሰው ሰራሽ ቫኒላ ነው፣ ለማራቅ የምንሞክረውን ነገር መልሶ ማስገባት ነው፣ አንዳንዱ ሳጥን ደሞ ፑዲንግ ውስጡ እንዳለበት ላዩ ላይ ተጽፏል። ፑዲንግም ሳወር ክሪምም ማዮኔዝም አንድ ላይ የሚያደርጉ አሉ፣ ያኔ ከስሩ ሊጥ ሆኖ ይቀራል። እኔ ትቼዋለሁ።

ሲመታ ሁለት ደቂቃ ይበቃዋል። ደረቁን ለብቻ ደባልቁ፣ እርጥቡን ለብቻ፣ ከዛ አንድ ላይ አድርጋችሁ ሚክሰሩን መካከለኛ ላይ ሁለት ደቂቃ። አሜሪካን ሚክስ ውስጥ ያለው ዱቄት ብዙ ጊዜ በክሎሪን የነጣ ለስላሳ ዱቄት ነው፣ ያን ሁሉ ስኳርና ውሃ ይዞ የማይወድቀው በሱና በኢመልሲፋየሩ ነው፣ እና መመታት ይችላል፣ ግን እኛ የጨመርነው ዱቄት ተራ ስለሆነ ብዙ ከተመታ ዳቦ ዳቦ ይላል። አውሮፓ ያላችሁ ይሄ የክሎሪን ዱቄት እዛ አይፈቀድም፣ ሚክሱም ሌላ ነው፣ ብዙ ጊዜ ቅቤና ወተት ጨምሩ ብሎ ራሱ ይላችኋል፣ ስለዚህ እናንተ የዱቄቱን ነገር ተዉትና በጨውና በብርቱካኑ ቀጥሉ።

ኦቨኑን ሳጥኑ 350 ፋራናይት ካለ እኔ 325 ነው የማደርገው፣ 163 ዲግሪ ሴልሺየስ ማለት ነው። ቀስ ብሎ ሲበስል መሀሉ አይቆለልም፣ ዳሩም አይደርቅም፣ ሁለት ፎቅ ለመደረብ ስትፈልጉ ከላይ ቆርጣችሁ የምትጥሉት የለም። ዘጠኝ በአስራ ሶስት ኢንች ፓን ከ35 እስከ 40 ደቂቃ አካባቢ ይፈጃል፣ ግን ሰዓቱን አትመኑ ስቴኪኒ ውጉበት፣ እርጥብ ፍርፋሪ ይዞ ሲወጣ አውጡት፣ ፍፁም ንፁህ ሆኖ እስኪወጣ ከጠበቃችሁ አልፎታል ማለት ነው፣ ከወጣም በኋላ በራሱ ሙቀት ይበስላል።

ቸኮሌቱ ለብቻው ነገር ነው፣ እዛ ላይ እኛ ማንም የሌለው ጥቅም አለን፣ ቤታችን ውስጥ ቡና አለ። ውሃውን በወተት ፈንታ በቡና ቀይሩት፣ ከጀበና የተቀዳ አቦል፣ አተላው በደንብ ተጠልሎ። ኬኩ ቡና ቡና አይልም፣ ቸኮሌቱ ነው የሚጎላው፣ ቡናው ውስጥ ያለው መራራነት ካካዎውን ያወጣዋል። 2 የሾርባ ማንኪያ ያልጣፈጠ የካካዎ ዱቄት ጨምሩበት፣ ቡናውን ትኩስ አድርጋችሁ መጨረሻ ላይ ቀስ እያላችሁ አፍስሱ እንቁላሉ እንዳይበስል። ሊጡ ቀጭን ይሆናል፣ እንደዛ ነው መሆን ያለበት። እዚህ ላይ ቅቤ አላደርግም፣ ቸኮሌትና ቡና ባለበት የቅቤው ጣዕም አይሰማም፣ ዘይቱ በቂ ነው፣ ሳወር ክሪሙና ጨው ግን አይቀሩም።

የጾም ኬክ ደሞ ብዙ ሰው የሚቸገርበት ነገር ነው። የልጅ ልደት ረቡዕ ይውላል፣ አርብ ይውላል፣ ፍልሰታ ውስጥ ይውላል፣ ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ኬክ ከዜሮ ያለ እንቁላል ያለ ወተት መስራት ከባድ ነው፣ የሳጥኑ ሚክስ ግን ራሱን በኢመልሲፋየር ስለያዘ እንቁላል ባይኖርም ይቆማል። መጀመሪያ ግን መለያውን አንብቡ፣ ከ2006 ጀምሮ በስራ ላይ ባለው የአሜሪካ ህግ ወተትና እንቁላል የመሳሰሉት አለርጂ የሚያመጡ ነገሮች ውስጡ ካሉ በግልፅ መጻፍ አለባቸው፣ ብዙ ጊዜ ከዝርዝሩ ስር «ኮንቴይንስ» ከሚለው ቀጥሎ ታገኙታላችሁ። አንዳንዱ ሚክስ ውስጥ የወተት ዱቄት አለ፣ ብዙዎቹ ውስጥ የለም፣ ያው ብራንድ ሆኖ ቢጫው ላይ የሌለ ሌላው ላይ ሊኖር ይችላል። «ሜይ ኮንቴይን» የሚለው ሌላ ነው፣ እሱ ፋብሪካው ውስጥ ሊነካካ ይችላል ማለት ነው፣ በሱ ላይ የራሳችሁን ውሳኔ ወስኑ፣ ከከበዳችሁ የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ።

ከዛ ብዙ ሰው የሚያውቀው የሶዳው መንገድ አለ፣ አንድ ሳጥን ሚክስና አንድ ጣሳ ለስላሳ፣ 355 ሚሊ ሊትር፣ ሌላ ምንም የለም፣ ኮካ ለቸኮሌት፣ ስፕራይት ለነጭ። ይሰራል፣ ይነፋል፣ ግን በጣም ይጣፍጣል ሲቆረጥም ይፈርሳል። አንድ ጣሳ የተፈጨ ዱባ፣ 425 ግራም ነው፣ ከቸኮሌት ሚክስ ጋር ብቻ መቀላቀልም አለ፣ እሱ ከባድና እርጥብ ነው የሚሆነው፣ ዱባው አይታወቅም። እኔ የምወደው ግን በተልባ ነው፣ ተልባ ደሞ በጾም ከቤታችን አይጠፋም። 2 የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በ6 ማንኪያ ውሃ በጥብጣችሁ አስር ደቂቃ ስታቆዩት ይልጋል፣ ይሄ የሁለት እንቁላል ቦታ ይይዛል። ከሱ ጋር 1 ኩባያ ቀዝቀዝ ያለ ቡና፣ 1/3 ኩባያ ዘይት፣ 1/4 ኩባያ አፕልሶስ (በስሎ የተፈጨ ፖም)፣ 1 የሻይ ማንኪያ አቼቶ እና ጨው። እዚህ ላይ ተጨማሪ ዱቄት አይገባም ይከብደዋል። ቸኮሌት ስለሆነ የተልባው ነጠብጣብ አይታይም። ከላይ 200 ግራም ወተት የሌለበት ጥቁር ቸኮሌት በ3/4 ኩባያ የፈላ የኮኮናት ወተት አቅልጣችሁ አፍስሱበት፣ ልጁም እንግዳውም ስለ ጾም መሆኑ አያስብም።

ክሬሙ ላይ ደሞ ልመናዬ አንድ ነው፣ የጣሳውን ፍሮስቲንግ ተዉት። ኬኩን ይሄን ያህል ደክማችሁበት ላዩ ላይ ስኳርና የፓልም ዘይት ከቀባችሁበት ሁሉም ሰው የሚቀምሰው እሱን ነው፣ ብዙዎቹ ውስጥ እኮ ቅቤ የሚባል ነገር የለም። የሀበሻ ምላስ የሚወደው ክሬም ጣፋጩ ያልበዛ ነው፣ ለዛ ደሞ የድሮ አሜሪካኖች ሬድ ቬልቬት ላይ የሚያደርጉት አንድ ክሬም አለ፣ ኧርሚን ይሉታል። 5 የሾርባ ማንኪያ ዱቄት በ1 ኩባያ ወተት በጥብጡ፣ እሳት ላይ እያማሰላችሁ እንደ ወፍራም አጥሚት ሲሆን አውርዱ፣ ላዩን በፕላስቲክ ሸፍናችሁ ፍፁም እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ። 1 ኩባያ ለስላሳ ቅቤ ከ1 ኩባያ ስኳር ጋር ስኳሩ እስኪሟሟና እስኪነጣ ድረስ ምቱ፣ ከዛ የቀዘቀዘውን በማንኪያ በማንኪያ እየጨመራችሁ መምታት ቀጥሉ፣ ቫኒላና ቁንጥጫ ጨው። መሀል ላይ የተበጣጠሰ ሊመስል ይችላል፣ ተስፋ አትቁረጡ መምታት ነው። ሲጨርስ ቀላል ነው፣ አፍ ላይ ይጠፋል። ትዕግስት ለሌለው ደሞ 2 ኩባያ ቀዝቃዛ ሄቪ ክሪም፣ 1/4 ኩባያ ፓውደር ስኳር እና 2 ማንኪያ የወተት ዱቄት አንድ ላይ ምቱ፣ የወተት ዱቄቱ ክሬሙ ቶሎ እንዳይወርድ ይይዘዋል፣ ግን ፍሪጅ ይፈልጋል፣ ለፓርክ ልደት አይሆንም።

ሁለት ፎቅ ከሆነ ሽሮፕ አጠጡት። 1/2 ኩባያ ስኳር በ1/2 ኩባያ ውሃ ከብርቱካን ልጣጭ ጋር አንዴ ገንፍሎ ይውረድ፣ ይቀዝቅዝ፣ ለእያንዳንዱ ፎቅ ሶስት አራት ማንኪያ በብሩሽ። ሀገር ቤት ኬክ ቤቶች ስፖንጁን እንደዚህ ነው የሚያርሱት፣ ያ «የኬክ ቤት ኬክ» የምንለው እርጥበት ከዛ ነው የሚመጣው።

ሰው «ራስሽ ነሽ የጋገርሽው?» ሲለኝ አዎ እላለሁ፣ ሚክስ መሆኑንም እነግረዋለሁ፣ ደስ ብሎኝ ነው የምነግረው፣ ምክንያቱም ያቺ ልጅ የምትጠይቀኝ ሁለት ስራ ስላላት ነው፣ ሙሉ አሰራር ብሰጣት ቤቷ ወስዳ አትሰራውም፣ ይሄን ግን በሚቀጥለው ሳምንት ትሰራዋለች።

ሻንጣ ውስጥ ሚክስ ይዛችሁ ሀገር ቤት የምትሄዱ ወይ የምትልኩ፣ ይሄን ጽፋችሁ ከሳጥኑ ጋር ላኩላቸው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ ውሃ እንኳን የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ አየሩ ስስ ስለሆነ ሊጡ ውስጥ ያለው ጋዝ ከልክ በላይ ይነፋል፣ ዱቄቱ ጠንክሮ ሳይዘው ይሰነጠቅና መሀሉ ዝቅ ይላል። ቤኪንግ ፓውደሩ ውስጡ ተቀላቅሎ ስለመጣ መቀነስ አይቻልም፣ ስለዚህ ኬኩን ማጠንከር ነው ያለው። 4 የሾርባ ማንኪያ ዱቄት ጨምሩ ግን ቤኪንግ ፓውደር በፍፁም አትጨምሩ፣ እርጥበቱ ቶሎ ስለሚተን 2 ማንኪያ ወተት ተጨማሪ፣ ኦቨኑን ከ175 ወደ 190 ከፍ፣ ፓኑን እስከ ግማሽ ብቻ ሙሉት። እንቁላሉ ደሞ፣ አሜሪካኖቹ 3 ሲሉ ያንዱ ውስጡ ብቻ 50 ግራም የሚሆን ትልቅ እንቁላል ነው፣ የሀበሻ ዶሮ እንቁላል ከሆነ 5 ይሁን። ኩባያ ማለትም 240 ሚሊ ሊትር ነው፣ ቤት ያለው ብርጭቆ አይደለም፣ የሚለካ ከሌለ የፕላስቲክ የውሃ ጠርሙስ ላይ ምልክት አድርጉበት። ዴንቨር ያላችሁም ከ1,600 ሜትር በላይ ስለሆናችሁ ከዚህ ግማሽ ያህሉን አድርጉ፣ ያ የ325 ምክሬ ለናንተ አይሆንም፣ 350 ላይ ቆዩ።

በመጨረሻ፣ ከቻላችሁ ከአንድ ቀን በፊት ጋግሩት። ከኦቨን ሲወጣ ፓኑ ውስጥ አስር አስራ አምስት ደቂቃ ይቆይ፣ ገልብጡት፣ ገና ትንሽ ለብ እያለ በፕላስቲክ ጥብቅ አድርጋችሁ ጠቅልሉትና እዛው ኪችን ጠረጴዛ ላይ ይደር፣ ፍሪጅ አይግባ። እንፋሎቱ ተመልሶ ውስጡ ይገባል፣ የብርቱካኑም ሽታ ሌሊቱን ሙሉ ይሰራጫል። ለሳምንት በኋላ ከሆነ ደሞ እንደተጠቀለለ ፍሪዘር ውስጥ አስገቡትና በዋዜማው አውጡት፣ ከነፕላስቲኩ ይቅለጥ። ክሬሙ በማግስቱ ጠዋት ነው የሚቀባው፣ የቀዘቀዘ ኬክ ላይ ፍርፋሪው አይነሳም።